ፀሐይ ላይ የቆመው ሚኒባስ፦ ከደሴ–ኮምቦልቻ መስመር የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለስ የአንድ ሚኒባስ ረዳት በኮቪድ-19 መያዙ በምርመራ ተረጋገጠ። ብዙም ሳይቆይ ሹፌሩ ያስለውና ያተኩሰው ጀመር፤ ሲመረመር እርሱም ተገኘበት። የመኪናው ባለንብረት የሁለቱን ጤና ከጠየቁ በኋላ ያነሡት ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆነ። «መኪናው እኮ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ይቆማል። ውስጡ ምድጃ ነው። ታዲያ በሽታው በየት በኩል ገባባቸው?»

በዚያን ጊዜ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሆኜ ከመናኸሪያ ሠራተኞችና ከባለመኪናዎች ጋር እሠራ ስለነበር ጥያቄው ወደ እኔ መጣ። ሰውዬው ቸልተኛ አልነበሩም፤ እንዲያውም በመስመሩ ላይ ከነበሩት ባለመኪናዎች ከብዙዎቹ ይልቅ ይጠነቀቁ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ የመጣውን በግማሽ የመጫን ትእዛዝ አክብረዋል። በረኪና ገዝተዋል፣ ለረዳቱም ማስክ አቅርበዋል። በዚያ ላይ የራሳቸውን ዘዴ ጨመሩ፤ ሹፌሩ ለምሳ ሲወርድ መኪናውን ጥላ ሥር ሳይሆን ፀሐይ ላይ እንዲያቆም፣ ሙቀቱም እንዳይወጣ መስኮቶቹን ግጥም አድርጎ እንዲዘጋ አዘዙ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያረፈው ግን በወንበሩ ላይ ነበር። ተሳፋሪው የሚተነፍሰውን አየር የተመለከተ አንድም መመሪያ አልነበራቸውም።

ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ አጠገብ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከደሴ ጋቢ ተከናንቦ የተነሣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ይይዛል። ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲቀንስ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚሞቅ፣ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ወደ 4 ዲግሪ ይተረጎማል። ሰውነት ይህንን ልዩነት በደንብ ይሰማዋል። ቫይረሱስ?

በወሎ በሽታን ከአየር ንብረት ጋር አያይዞ ማየት የቆየ ነገር ነው። የደጋ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ወባን ይፈራል፤ ፍርሃቱም ትክክል ነው። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ነች፤ በትንኟ ሆድ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከፍታው በሽታውን ያግደዋል። በ2012 ይህ አስተሳሰብ ተገልብጦ ለኮሮና ዋለ። ብርድ የሚወድ በሽታ ነው፣ ደሴን ይይዛል፣ ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ይገድለዋል፣ አፋር ከወረድክማ ስሙም አይነሣም ይባል ነበር። አመክንዮው ሥር የሰደደ ልምድ ስላለው ማንም አልጠየቀውም። ኮሮና ግን ትንኝ አያሻውም። የሚኖረው በሰው ውስጥ ነው፤ የሰው ውስጥ ደግሞ ደሴም ሆነ ሰመራ 37 ዲግሪ ነው።

ባለንብረቱ ትክክል የነበሩበትን ነገር ላስቀድም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ሐሳብ በአንድ ቃል «አጉል እምነት» ብሎ ያልፈዋል፣ ይህም ያሳዝነኛል። ሙቀት ኮሮና ቫይረስን በእርግጥ ይገድላል። ቫይረሱ ከውጭ የተሸፈነው በስብ ሽፋን ነው፤ ሙቀት ሽፋኑንና በላዩ ያሉትን ፕሮቲኖች ያፈርሳል፣ ቅዝቃዜ ግን አጽንቶ ያቆያቸዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች ቫይረሱን በፈሳሽ ውስጥ አድርገው በተለያየ ሙቀት አቆዩት። በ4 ዲግሪ ከ14 ቀን በኋላም የቀነሰው ጥቂት ብቻ ነበር። በ22 ዲግሪ እስከ 7ኛው ቀን ተገኘ፣ በ14ኛው ጠፋ። በ37 ዲግሪ በ2ኛው ቀን አልተገኘም። በ56 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ በ70 ዲግሪ 5 ደቂቃ በቃው። በዚያው ዓመት የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች በብርጭቆ፣ በብረትና በገንዘብ ኖት ላይ በጨለማ ውስጥ ሞከሩ። በ20 ዲግሪ ቫይረሱ 28 ቀን ቆየ፤ በ40 ዲግሪ ግን ከ2 ቀን አላለፈም።

የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም ውስጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውጭው አየር በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ የጭማሪው አብዛኛው ክፍል የሚመጣውም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ኮምቦልቻ ውጭው 27 ዲግሪ ሲሆን ዳሽቦርዱ አካባቢ ያለውን ሙቀት መገመት አያቅትም። ነገር ግን ወሩ ነሐሴ ነበር። ሰማዩ ደመና ነው፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች። ከወንበሩ ሥር ያለው ጥላ እንደ ዳሽቦርዱ አይሞቅም። የምሳው ሰዓትም አንድ ሰዓት ነው፤ የአውስትራሊያው ሙከራ በ40 ዲግሪ የለካው ጊዜ ግን ከአንድ ቀን በላይ ሊሄድ የሚችል ነው። ዘዴው የቫይረሱን ቁጥር ይቀንሳል፤ መኪናውን ግን አያጠራም።

ሌላም ነገር አለ። ቫይረሱን በፍጥነት የሚገድለው የፀሐይ ክፍል ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት ጨረሩ ነው። በአሜሪካ የተደረገ ሙከራ ከበጋ ፀሐይ ጋር የሚመጣጠን ሰው ሠራሽ ብርሃን ተጠቅሞ፣ በምራቅ ውስጥ ሆኖ በብረት ላይ የደረቀ ቫይረስ 90 በመቶው በ7 ደቂቃ ገደማ እንደሚሞት አሳይቷል። ይህን የሚያደርገው የጨረር ዓይነት ግን ተራ መስታወትን በአብዛኛው አያልፍም። መስኮቱን ዘግቶ ፀሐይ ላይ ማቆም ማለት ሙቀቱን አስገብቶ ዋናውን ገዳይ ውጭ ማስቀረት ነው። አልትራቫዮሌት በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከ10 እስከ 12 በመቶ ስለሚጨምር፣ ሰማዩ እኩል ጠርቶ ቢሆን የደሴ ፀሐይ ከኮምቦልቻው የበለጠ ጨረር አላት። ብርዳማዋ ከተማ ደካማ ፀሐይ ያላት ይመስለናል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ባለንብረቱ ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ «እንግዲያ የወንበሩን ጨርቅ አውጥቶ ማስጣት ነበር» አሉ። ልክ ነበሩ።

በረኪናው ላይ ያገኘሁት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ረዳቱ ጠዋት በጥብጦ በሚረጭ ፕላስቲክ ያደረገውን በረኪና ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀምጠው ነበር። የተበጠበጠ በረኪና በብርሃንና በሙቀት ኃይሉን ያጣል። ቫይረሱን ይገድላል የተባለው የኮምቦልቻ ፀሐይ መጀመሪያ የገደለው በረኪናውን ነበር። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ አንድ እጁን በ49 እጅ ውሃ መበጥበጥ፣ በየቀኑ አዲስ ማዘጋጀት፣ ከወንበር ሥር ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ፤ ይህን በአንድ ውይይት ጨረስነው።

የሁለቱ ከተሞች ልዩነትስ? 4 ዲግሪ ምን ያህል ይሠራል? በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ቫይረሱ ፕላስቲክ ላይ ሲሆን ግማሹ ለመሞት የሚወስድበትን ጊዜ በሙቀትና በእርጥበት ለይቶ ለክቷል። በ10 ዲግሪና በ40 በመቶ እርጥበት ከ24 ሰዓት በላይ ሲሆን፣ በ27 ዲግሪና በ65 በመቶ እርጥበት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ልዩነቱ ግዙፍ ነው፤ ግን በመካከላቸው ያለው 17 ዲግሪና የእርጥበት ለውጥ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 4 ዲግሪ ወንበር ላይ የወደቀ ቫይረስ ዕድሜው ያጥር ይሆናል እንጂ አይጠፋም። መኪናው ደግሞ ሁለቱንም አየር በአንድ ቀን ደጋግሞ ያያል፣ ሌሊቱን የሚያድረውም ደሴ ነው።

እርጥበቱም ቀጥተኛ መስመር አይከተልም። ጥናቶቹ ደጋግመው እንዳሳዩት ቫይረሱ በጣም በደረቀም በጣም በረጠበም አየር ውስጥ ይቆያል፤ በፍጥነት የሚጠፋው መካከለኛ እርጥበት ላይ ነው። ስለዚህ «ክረምት ሲወጣ ይሻላል» ወይም «በጋው ያደርቀዋል» የሚለውን ሁለቱንም በጥንቃቄ መስማት ያስፈልጋል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ስለ ወንበር፣ ስለ እጀታና ስለ መስታወት ነው። አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ ልግባ፤ ረዳቱንና ሹፌሩን የያዛቸው ወንበሩ ነው ብዬ አላምንም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጠው፣ ቫይረስ ያለበትን ነገር አንድ ጊዜ በመንካት የመያዝ ዕድል በአጠቃላይ ከ10,000 አንድ ያነሰ ነው። አየሩ ግን ሌላ ነው።

ከደሴ የሚነሣውን የጠዋት ጉዞ ላስረዳ። ዝናቡ ያካፋል፣ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ተሳፋሪው ገና ሲቀመጥ መስኮቱን ይስባል። መኪናው ከሸዋ በር ሳይወጣ መስታወቱ በትንፋሽ ይሸፈናል፤ ሹፌሩ የፊቱን በጨርቅ እየጠረገ ይነዳል። ይህ ጉም ከተሳፋሪዎቹ ሳንባ የወጣ ውሃ ነው። ውሃው መውጫ ካላገኘ አብሮት የወጣውም ነገር መውጫ አላገኘም ማለት ነው። ለዚህ ልኬት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ መስታወቱ ራሱ ይናገራል። ሐረጎን ወርደው አየሩ ሲለሰልስ አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ ጉሙም ይጠፋል። ከኮምቦልቻ ሲመለሱ የተከፈተው መስኮት ዳገቱ ላይ ብርዱ ሲጀምር ተመልሶ ይዘጋል።

ባለንብረቱ ትኩረታቸውን ሁሉ የሰጡት መኪናው ባዶ ሆኖ ለሚቆምበት አንድ ሰዓት ነበር። አደጋው የነበረው ግን ሰው ጭኖ በሚሄድበት ሦስት ሩብ ሰዓት ላይ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ሙከራ፣ በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ጠብታ ውስጥ ያለ ቫይረስ በ21–23 ዲግሪ ግማሹ ለመሞት ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ እንደሚወስድ አሳየ። በዚህ ስሌት ደሴ ላይ የተተነፈሰ ቫይረስ መኪናው ኮምቦልቻ ሲደርስ ከግማሽ በላይ በሕይወት አለ። ሙቀት ሥራውን ለመጀመር ጊዜ አያገኝም። ቫይረሱን በዚያ ጊዜ ውስጥ ከመኪናው ማውጣት የሚችለው የአየር መለዋወጥ ብቻ ነው።

ከዓመታት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ይህንን አጠናክሮታል። በ2024 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታፈነ አየር በራሱ የቫይረሱን ዕድሜ እንደሚያረዝም አሳዩ። ከአፍ የምትወጣ ጠብታ በአየር ላይ ስትሆን አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ትሆናለች፤ ይህም ቫይረሱን ይጎዳዋል። አየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ግን ጠብታዋ ያን ያህል አልካላይ አትሆንም። መጠኑ 3,000 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 3,000ው) ሲደርስ ከ40 ደቂቃ በኋላ በሕይወት የሚቆየው ቫይረስ በንጹሕ አየር ውስጥ ከሚቆየው 10 እጥፍ ገደማ ነበር። 40 ደቂቃ! የደሴ–ኮምቦልቻ ጉዞ ሊሆን ምን ቀረው።

እንግዲህ የደሴ ብርድ በእርግጥ በሽታውን ረድቶታል፤ ግን በዋናነት የረዳው ቫይረሱን በማቆየት ሳይሆን መስኮት በማስዘጋት ነው። በአውሮፓ ክረምት ሰው ቤቱን ዘግቶ ሲሰበሰብ የሚሆነው፣ እኛ ጋ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ በአንድ ጠዋት ይሆናል። የአየር ንብረት በሽታን የሚነካበት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በሰው ጠባይ በኩል ያልፋል፤ ይህንን መንገድ ደግሞ ልንለውጠው እንችላለን። የሙቀት መለኪያውን ግን አንለውጠውም።

መፍትሔው በወረቀት ላይ አጭር ነው፦ መስኮት ክፈቱ። መኪናው ውስጥ ግን ከብርዱም በላይ ሌላ ነገር አለ፤ ንፋስ። በእኛ አገር መስኮት የሚከፍት ተሳፋሪ ሌላውን እንደሚያሳምም ይቆጠራል። እናት ሕፃኗን ትሸፍናለች፣ ሽማግሌው ጆሮውን በኩታው ይይዛል፣ ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ መታን!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሹፌሩ ካገገመ በኋላ መጀመሪያ ያለኝ ይህንኑ ነው፤ «እኔ ብከፍት እነርሱ ይዘጉታል፤ ስንቱን ሰው ልጣላ?»

ስለዚህ ክርክሩን ትተን አቀማመጡን ሠራን። መስኮቱ ሙሉ በሙሉ መከፈት የለበትም። ከፊት በአንዱ ጎን፣ ከኋላ በሌላው ጎን አራት ጣት ያህል ቢከፈት አየሩ መኪናውን ሰያፍ አቋርጦ ይወጣል። የሹፌሩ መስኮትም ትንሽ ዝቅ ይላል። ዝናቡ የሚመታው መስኮት ተዘግቶ ዝናብ የማይመታው ሌላ ይከፈታል። ሕፃን የያዘች እናትና አረጋውያን ከተከፈተው መስኮት ፊት ለፊት እንዳይቀመጡ ረዳቱ ቀድሞ ቦታ ያሲዛቸዋል። አንዲት እናት ደሴ መናኸሪያ ላይ መስኮቱ ተከፍቶ ባዩ ጊዜ ሊወርዱ ተነሥተው ነበር። ረዳቱ፣ እርሱም ከሕመሙ ገና መመለሱ ነው፣ «እማማ አብሽሩ፣ ንፋሱ ወደ እርስዎ አይመጣም፤ እዚህ ይቀመጡ» ብሎ ከመካከል አስቀመጣቸው። ማስረጃው መስታወቱ ነበር፤ ጉም ካልያዘ በቂ ተከፍቷል፣ ከያዘ ይጨመር። ሹፌሩ ይህችን ምልክት ወደዳት፤ መንገዱንም ጥርት አድርጎ እንዲያይ ስለረዳችው ከማንኛውም ምክሬ ይልቅ እርሷን ያዘ።

ባለንብረቱ አንድ ተቃውሞ ነበራቸው፤ ጠንካራ ተቃውሞ ነው። «እሺ፣ ብርድ መስኮት ያዘጋል። ታዲያ መስኮቱ ሁልጊዜ ክፍት በሆነበት በቆላው በሽታው መጥፋት አልነበረበትም?» መልሱ ያለው በዓለም ካርታ ላይ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ አካባቢ የኢኳዶሯ የወደብ ከተማ ጓያኪል በሙቀትና በወበቅ ውስጥ ሳለች በአስከፊ ሁኔታ ተመታች። የአማዞኗ ማናውስ ሁለት ጊዜ ተጠቃች። ሕንድ በ2021 እ.ኤ.አ. እጅግ የከበደውን ወረርሽኝ ያየችው በሙቀቱ ወራት ነው። አዲስ በሽታ ሲመጣ የመከላከል አቅም ያለው ሰው ስለሌለ፣ የአየር ንብረቱ ሊቀንስ የሚችለው ጥቂቱ በብዙ ሚሊዮን ተጋላጭ ሰው ይዋጣል። እንደ ጉንፋን የለመድናቸው አራቱ የቆዩ የሰው ኮሮና ቫይረሶች በቀዝቃዛ አገሮች ክረምትን ጠብቀው የሚመጡት የሰው ሁሉ ሰውነት ስለሚያውቃቸው ጭምር ነው።

ቅርባችንም ምሳሌ አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ብንሄድ ባቲ እንደርሳለን፤ ሰኞ ገበያዋ የአፋር ግመል የሚሸጥበት ነው። ግመል መርስ የሚባለውን ሌላ ኮሮና ቫይረስ ይሸከማል። በ2012 እ.ኤ.አ. በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ላይ የታወቀው ይህ ቫይረስ በምድር ላይ እጅግ ሞቃት በሆኑ በረሃዎች ነው የሚኖረው፤ በኢትዮጵያ ግመሎች ደም ውስጥም የቫይረሱ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ተገኝቷል። ከእንስሳው ውጭ ሙቀት ይገድለዋል፣ በእንስሳው ውስጥ ግን ሙቀቱ አያገኘውም። ባለንብረቱ የባቲን ገበያ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ከቤተ ሙከራው ቁጥር ሁሉ ይልቅ ያሳመናቸው ይህ ነው።

የአገራችን የወረርሽኝ ማዕበሎችም ወቅት አልመረጡም። የመጀመሪያው ከፍታ ነሐሴ 2012 በክረምት፣ ሁለተኛው በመጋቢት 2013 በሞቃቱ ወራት፣ ሦስተኛው በ2013 ክረምት መጨረሻ፣ አራተኛው ታኅሣሥ 2014 በደረቁ ብርድ ታየ። ለአንድ ባለመኪና ይህ ማለት መስኮቱ በየትኛውም ወር ሥራ አለው ማለት ነው።

በግማሽ መጫኑ ሲቀርና መኪናው እንደገና ሲሞላ ጉዳዩ ይበልጥ ከበደ፤ ያን ጊዜ የቀረው መከላከያ ማስክና አየር ብቻ ነበር። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መስመሩም ተቋረጠ። ተመልሶ ሥራ ሲጀምር ባለንብረቱ ሚኒባሱን ጋራዥ አስገብተው ዝገት የያዛቸውን ሁለት የጎን መስኮቶች አስከፈቱ፣ መያዣቸውንም አስቀየሩ። የመጨረሻው ወንበር አጠገብ ያለው መስታወት ሲሠራ ጀምሮ የማይከፈት ስለሆነ፣ ያ ወንበር መጨረሻ እንዲሞላ፣ የሚያስለው ሰውም እዚያ እንዳይቀመጥ ከተራ አስከባሪው ጋር ተስማምተዋል።